የንጉሥ መንገድ የሌለው ዳገት፦ ስለ መማር ችግር በእንግሊዝኛ ፈሊጥና በላስታ ጉባኤ ቤት

መግቢያ

የአንድ ሕዝብ ቋንቋ ከሚኖርበት መልክዐ ምድርና ከሚሠራው ሥራ የተቀዳ ነው። ገበሬ ነገሩን በእርሻ ይመስላል፤ መርከበኛ በመርከብ፣ ወታደር በጦር ሜዳ፣ ነጋዴም በሚዛን ይመስላል። ይህ ባይሆን ኖሮ አንዱን ቋንቋ ወደ ሌላው ለመመለስ መዝገበ ቃላት ብቻ ይበቃ ነበር። አለመብቃቱን ለመረዳት እኔ የከፈልሁት፣ ይልቁንም ሌሎች ስለ እኔ የከፈሉት ዋጋ አለ። የመጽሔታችን አዘጋጆች ስለ ሙያችን ቋንቋ ታሪክ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ አስቀድሞ የታወሰኝ ይኸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሥራ በጀመርሁ በሦስተኛው ዓመት፣ በሰሜን ወሎ በምትገኝ አንዲት አነስተኛ ከተማ የመጠጥ ውኃ ሥራ ላይ ተመደብሁ። ከጥልቅ ጉድጓድ ውኃ የሚስበው ፓምፕ አዲስ ዓይነት የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ነበረው። መሣሪያውን የተከሉት የውጭ አገር ባለሙያዎች ባዘጋጁት ሪፖርት ውስጥ የፓምፑን ሠራተኞች የሚጠብቃቸው ነገር በአንድ ሐረግ ተገልጦ ነበር። ሐረጉ «ስቲፕ ለርኒንግ ከርቭ» የሚል ሲሆን፣ ቃል በቃል ሲመለስ «ቀጥ ብሎ የሚወጣ የመማር ኩርባ» ማለት ነው። እኔም መሐንዲስ ነኝና እንደ መሐንዲስ አነበብሁት። ኩርባ በወረቀት ላይ የሚሣል ነገር ነው፤ አግድሙ ጊዜን፣ ቋሚው ዕውቀትን የሚያሳይ ከሆነ፣ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ኩርባ በጥቂት ጊዜ ብዙ ዕውቀት መገኘቱን ያመለክታል። ስለዚህ ሠራተኞቹ ሥራውን ፈጥነው ይለምዱታል ብዬ ደመደምሁ፤ ለሦስት ሳምንት ታስቦ የነበረውንም ሥልጠና በሦስት ቀን እንዲያልቅ አደረግሁ።

ለሦስት ቀን የሠለጠነው ሠራተኛ፣ ከኤሌክትሪኩ ሦስት መስመሮች አንዱ ተቋርጦ መከላከያው ሞተሩን ባጠፋበት ጊዜ መልሶ አበራው፤ ደግሞ ሲያጠፋበት ደግሞ አበራው። ይህ በተደጋገመ ጊዜ የሞተሩ ጥቅል ሽቦ ተቃጠለ። ሌላ ሞተር ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ድረስ፣ ከአንድ ወር በላይ፣ የከተማዪቱ ሴቶችና ልጃገረዶች ጀሪካን እያዘሉ ወደ ወንዝ ሲወርዱ ከረሙ። በዕድሜ የሚበልጠኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሪፖርቱን አንብቦ ሐረጉ «ለመማር እጅግ አስቸጋሪ ነው» ማለት መሆኑን ሲነግረኝ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ ነበር። ሠራተኛው ጥፋት አልነበረበትም። የተነገረውን ሥራ በተነገረው መጠን ሠርቷል። ስህተቱ የእኔ ነበር።

የኩርባው ታሪክ

በኋላ የሐረጉን ምንጭ ስከታተል ያገኘሁት ነገር ሁለት ስሜት አሳደረብኝ። የኔ ንባብ ከቀድሞው፣ ከመጀመሪያው ትርጉም ጋር የሚስማማ ነበር፤ ይሁን እንጂ የተቃጠለውን ሞተር አልመለሰውም።

ትምህርትንና መዘንጋትን በቁጥር ለመለካት በሰፊው የሞከረው የመጀመሪያ ሰው ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ ነው። ትርጉም የሌላቸውን ቀለማት እየደረደረ በራሱ ላይ ሙከራ አደረገ፤ በቃል ለመያዝ የፈጀበትን ጊዜና ከያዘ በኋላ የረሳውን መጠን መዝግቦ እ.ኤ.አ. በ1885 አሳተመ። ከእርሱ በኋላ አሜሪካውያኑ ዊልያም ብራያንና ኖብል ሃርተር የቴሌግራፍ ሥራ ተማሪዎችን አጠኑ። ተማሪው በደቂቃ ስንት ፊደል ለመላክና ለመቀበል እንደቻለ በየጊዜው እየለኩ ውጤቱን በኩርባ ሣሉት፤ ጥናታቸውም እ.ኤ.አ. በ1897 እና በ1899 ወጣ። በእነዚህ ሥዕሎች ላይ ቀጥ ብሎ መውጣት የፈጣን ተማሪ ምልክት ነበር።

ብራያንና ሃርተር ሌላም ነገር አስተዋሉ። መልእክት የመቀበል ችሎታ ለጥቂት ጊዜ ካደገ በኋላ ይቆማል፤ ተማሪው ሳምንታት ሙሉ ቢለፋም ኩርባው ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል፤ ከዚያም በድንገት እንደገና ይነሣል። ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ ተማሪው በዚያ በጠፍጣፋው ዘመን ነጠላ ፊደልን ከመስማት ወደ ቃል፣ ከቃልም ወደ ሐረግ እየተሸጋገረ ስለ ሆነ ነው አሉ። ለዚህ ጠፍጣፋ ክፍል የሰጡት ስም «ፕላቶ» የሚል ነው፤ ይኸውም በእኛ አገር አምባ ወይም ከፍተኛ ሜዳ የምንለው ነው። ላስታን የሚያውቅ ሰው ይህን ምሳሌ ለመረዳት አይቸገርም። ከላሊበላ ወደ አሸተን ማርያም የሚወጣ መንገደኛ፣ ዳገቱን ጨርሶ ሜዳው ላይ ሲደርስ ደረስሁ ይላል፤ ነገር ግን ከሜዳው ማዶ ሌላ ዳገት አለ፤ ከዚያም በላይ ከ4,200 ሜትር የሚበልጠው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ይታያል።

ኩርባው ወደ እኛ ሙያ የገባው በአውሮፕላን ሥራ በኩል ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ቴዎዶር ራይት እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የሚሠሩት አውሮፕላኖች ቁጥር በእጥፍ ባደገ ቁጥር ለአንዱ የሚያስፈልገው አማካይ የሰው ጉልበት ወደ 80 ከመቶ እንደሚወርድ አሳየ። የመጀመሪያው 100 ሰዓት ቢፈጅ፣ የሁለቱ አማካይ 80፣ የአራቱ 64፣ የስምንቱ 51.2 ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። ልብ ማለት የሚገባው፣ በራይት ሥዕል ላይ ቋሚው መስመር የሚያሳየው ዕውቀትን ሳይሆን ድካምን ነው፤ ስለዚህ ኩርባው ይወርዳል እንጂ አይወጣም። የሆነ ሆኖ በርሱም ዘንድ ቁልቁለቱ በበረታ መጠን ትምህርቱ ፈጣን ነው።

ሐረጉ ከሥዕል ሰሌዳ ወጥቶ ወደ ሕዝብ አፍ ሲገባ ግን ትርጉሙ ተገለበጠ። በ20ኛው መቶ ዓመት የመጨረሻዎቹ አሥርት ዓመታት፣ ሥዕሉን አይቶ የማያውቀው ተራ ተናጋሪ «ቀጥ ያለ» የሚለውን ቃል ሲሰማ በዓይነ ልቡናው የታየው ተራራ ነው። ተራራ መውጣት ያደክማል፤ ስለዚህ «ቀጥ ያለ ኩርባ» ማለት «አድካሚ ትምህርት» ማለት ሆነ። ይህን የሚነቅፉ መሐንዲሶች ዛሬም አሉ። ቋንቋ ግን በተናጋሪው እንጂ በመሐንዲስ አይታዘዝም።

የንጉሥ መንገድ

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህ እጅግ የቆየ ነው። በአምስተኛው መቶ ዓመት የኖረው የግሪክ ፈላስፋ ፕሮክሉስ እንደ ጻፈው፣ የግብፅ ንጉሥ ቀዳማዊ በጥሊሞስ ጂኦሜትሪን ለመማር የሚያጥር መንገድ እንዳለ ኤውክሊድን ጠየቀው፤ ሊቁም ወደ ጂኦሜትሪ የሚወስድ የንጉሥ መንገድ እንደሌለ መለሰለት። እንግሊዞች «ሮያል ሮድ» ሲሉ ይህንኑ መልስ ማስታወሳቸው ነው። በጥንቱ ዓለም «የንጉሥ መንገድ» ሲባል የሚታወቀው የፋርስ ነገሥታት ከሰርዴስ እስከ ሱሳ ያዘጋጁት፣ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም መንገድ ነበር። የንጉሡ መልእክተኞች በየማረፊያው ትኩስ ፈረስ እየለወጡ ይበሩበት ነበር። ስለዚህ የንጉሥ መንገድ ማለት የተመቸ፣ የሚያፈጥን ማለት ነው።

በእኛ አገር፣ በተለይም በሰሜን ወሎ፣ የንጉሥ መንገድ ታሪክ ከዚህ ይለያል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ሲጓዙ፣ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሰባስቶፖልን ይዘው ነበር። መድፉን በጋፋት የሠሩት አውሮፓውያን የሚሲዮን የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። መድፍ ማቅለጥ ሙያቸው አልነበረም፤ በመጀመሪያ ሲሞክሩ ከሽፎባቸው፣ እየሳቱና እያረሙ ነው የተማሩት። ያንን ብረት በዋድላ ሜዳ አሻግሮ፣ ወደ ጂዳ ገደል አውርዶና አውጥቶ፣ በደላንታ በኩል በበሽሎ አሳልፎ መቅደላ ለማድረስ መንገድ መሠራት ነበረበት። ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ይፈነቅሉ፣ ለሠራዊቱም በሥራ ምሳሌ ይሆኑ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ከመሞታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ሊወጋቸው የመጣው የናፒየር ሠራዊት ገደሉን የወረደው በዚሁ በእርሳቸው መንገድ ነበር፤ አብሮት የነበረው የጂኦግራፊ ሊቅ ክሌመንትስ ማርክሃምም ሥራውን አድንቆ ጽፎለታል።

እንግዲህ በዋድላ ያደገ ተማሪ «ለዕውቀት የንጉሥ መንገድ የለም» የሚለውን ሲሰማ ምን ይረዳል? እርሱ የሚያውቀው የንጉሥ መንገድ ንጉሡም ጭምር የሚደክምበት፣ ገደል የሚናድበት ነው። ቃሉን አንድ በአንድ ያውቀዋል፤ ፈሊጡ ግን ያመልጠዋል። ወይም ደግሞ ተገላብጦ፣ ለዕውቀት ያን የመሰለ ልፋት አያስፈልግም ማለት ነው ብሎ ይተረጕመዋል።

ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው። እንግሊዛዊ ሥራ የሚለምድን ሰው «ገመዶቹን ይማራል» ይላል፤ ምንጩ የሸራ መርከብ ነው፤ መርከበኛ ሸራውን የሚዘረጉትንና የሚያጥፉትን ገመዶች ለይቶ ማወቅ ነበረበት። ባሕር ላላየ ደገኛ ገመድ ሲባል የሚታወሰው ጭነት፣ ወይም ወደ ደብረ ዳሞ መውጫው ጠፍር ነው። ሌሊቱን የሚያጠናን ሰው «የእኩለ ሌሊት ዘይት ያቃጥላል» ይለዋል፤ የእኛ የቃል ትምህርት ተማሪ ግን ሌሊቱን ያለ መብራት በጨለማ ሲያዜም የሚያድር ነው፤ የሚያቃጥለው ዘይት አልነበረውም።

ሰሙና ወርቁ

እዚህ ላይ አንባቢ፣ ይህ ሁሉ ስህተት የመጣው አባቶቻችን ምሳሌያዊ አነጋገርን ስለማያውቁ ነው ብሎ እንዳያስብ እሰጋለሁ። እውነቱ የዚህ ተቃራኒ ነው። ምሳሌያዊ አነጋገርን መፍታት ራሱን የቻለ የከፍተኛ ትምህርት ክፍል ካደረጉት ሕዝቦች አንዱ የእኛ ነው።

በቅኔ ትምህርት ታሪክ ሦስት ስሞች በአንድነት ይጠራሉ፤ ጎንጅ፣ ዋሸራና ዋድላ። ሁለቱ በጎጃም ሲሆኑ ዋድላ የላስታ ጎረቤት ነው። ወደ እነዚህ ጉባኤ ቤቶች የሚሄድ ተማሪ ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ከዘመድ ርቆ፣ ደበሎ ለብሶና አኩፋዳ አንግቦ፣ ቁራሽ እየለመነ ከውሻ ጋር እየታገለ የሚማር ነው። አስቀድሞ ግስ ያጠናል፤ ከዚያ ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ደረጃ በደረጃ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይደርሳል። መምህሩ ቅኔውን ይነግራል፣ መንገዱንም ያሳያል፤ ተማሪው ወደ ዱር ወይም ወደ ጥላ ገለል ብሎ ብቻውን ይቆጥራል፤ የቆጠረውን ለመምህሩ ያቀርባል፤ መምህሩም ያርመዋል። ብዙ ተማሪ ለወራት ምንም ሳይሆንለት ይቆያል። ከዚያ አንድ ቀን «ቅኔ ገባው» ይባላል። ብራያንና ሃርተር በቴሌግራፍ ተማሪዎች ላይ የለኩትን ያንን ጠፍጣፋ ዘመን የጉባኤ ቤት መምህራን በሚዛን ባይለኩትም ያውቁት ነበር፤ ተማሪውን በዚያ ወቅት ተስፋ አስቆርጠው አይሰዱትም።

የቅኔው ዋና መሣሪያ ሰምና ወርቅ መሆኑ ለሁላችን የታወቀ ነው። ምሳሌው የተወሰደው ግን ከእኛው ሙያ ከቀለጠ ማዕድን ሥራ መሆኑን ልብ የሚል ጥቂት ነው። አንጥረኛው የሚፈልገውን ቅርጽ በሰም ይሠራል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ ወርቁን ያፈስሳል። ሰሙ ቢጠፋም ለወርቁ መልክ የሰጠው እርሱ ነው። ስለዚህ ቅኔ የሚፈታ ሰው ሁልጊዜ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ሰሙ ምንድን ነው? ወርቁስ? አንዱን ብቻ የያዘ ቅኔውን አልፈታም። ሰው ያልገባውን ነገር «ቅኔ ሆነብኝ» ማለቱ ከዚህ የመጣ ነው፤ እንግሊዞች በዚህ ቦታ «ግሪክኛ ሆነብኝ» ይላሉ። ለእነርሱ አስቸጋሪው የባዕድ ቋንቋ ነው፤ ለእኛ ግን የገዛ አገራችን ጥልቅ ንግግር ነው።

ከፓምፑ ጉዳይ በኋላ በነበረው ገና ላሊበላ ሄጄ ነበር። በልጅነቴ የማውቃቸውን አንድ አረጋዊ የቅኔ መምህር ሳገኝ ነገሩን አጫወትኋቸው፤ በያዝሁት እንጨትም ኩርባውን መሬት ላይ ሣልሁላቸው።

«የኔታ፣ ፈረንጆች ትምህርት ሲከብድ እንዲህ ቀጥ ብሎ ይወጣል ይላሉ» አልኋቸው።

ጥቂት ተመለከቱና «ልጄ፣ ይህ የሚወጣው ምኑ ነው? ዕውቀቱ ነው ወይስ ድካሙ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

መልስ አልነበረኝም። እንግሊዝኛ የማያውቁ፣ የሥዕል ሰሌዳ ነክተው የማያውቁ ሰው፣ ሪፖርቱን ባነበብሁበት ቀን እኔ ልጠይቀው የሚገባኝን ጥያቄ ጠየቁ። በሙያችን ቋንቋ ስንናገረው፣ በቋሚው መስመር ላይ የተጻፈው ምንድን ነው ማለታቸው ነበር። ዝም ማለቴን አይተው «እንግዲያማ ሰሙን ሳትጠይቅ ወርቁን አፍስሰሃል» አሉኝ። አልተቈጡም፤ ተማሪ ሲያርሙ እንደ ኖሩት አረሙኝ።

ሁለቱ ቤቶች

ታዲያ ይህን የመሰለ ዕውቀት ያለው አገር ልጆች በእንግሊዝኛ ፈሊጥ የሚሰናከሉት ስለ ምንድን ነው? መልሱን በትምህርት ታሪካችን ውስጥ እናገኘዋለን።

ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም.፣ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ሲከፈቱ፣ ከውጭ ቋንቋዎች ከፍ ያለ ቦታ የነበረው ፈረንሳይኛ ነበር። እንግሊዝኛ የበላይነቱን የያዘው ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 የተቋቋመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም፣ ከእርሱ በኋላ የተከፈተው የምሕንድስና ኮሌጅም ትምህርታቸውን በእንግሊዝኛ ሰጡ። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሲሆን፣ ከ7ኛ ክፍል በላይ ያለው በእንግሊዝኛ ቀጠለ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን ለአፍ መፍቻ ቋንቋዎች ሰጥቶ፣ የሁለተኛና የከፍተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሆን ደነገገ።

በዚህ ሁሉ ዘመን አዲሱ ትምህርት ቤትና አሮጌው ጉባኤ ቤት ጎን ለጎን ኖሩ እንጂ አልተነጋገሩም። አዲሱ ቤት ሰዋስውና ቃላት አስተማረ፤ ፈሊጥን ግን በዝርዝር አስጽፎ በቃል ከማስያዝ አላለፈም። የጉባኤ ቤቱ ጥያቄ፣ ማለት ሰሙ ምንድን ነው የሚለው፣ ወደ እንግሊዝኛው ክፍል አልተሻገረም። ለአማርኛ አምሳሉ አክሊሉና ዳኛቸው ወርቁ «የአማርኛ ፈሊጦች» የተባለውን መጽሐፍ በ1979 ዓ.ም. አበርክተውልናል። የሳይንስና የቴክኖሎጂ ቃላትም በመዝገበ ቃላት ተሰብስበውልናል። ነገር ግን ሞተሬን ያቃጠለው የሙያ ቃል አልነበረም፤ የሙያ ቃል መስሎ የቀረበ ፈሊጥ ነው።

ነገሩ የአንድ ፓምፕ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የዚህ ምክንያት ብዙ ነው፤ ጦርነት ነበረ፣ የመምህራንና የመጻሕፍት እጥረት ነበረ፤ ሁሉን በቋንቋ ላይ መጣል ስህተት ይሆናል። ሆኖም ፈተናው በእንግሊዝኛ የሚቀርብለት ተማሪ፣ ከትምህርቱ ዳገት በታች ሌላ የቋንቋ ዳገት እንዳለበት መካድ አይቻልም።

ማጠቃለያ

ክቡራን የሙያ ጓደኞቼ፣ ከዚህ ታሪክ ለሥራችን የሚጠቅሙ ጥቂት ነገሮችን ማውጣት ይቻላል ብዬ አምናለሁ። አንደኛ፣ ስለ ሥልጠና ስንጽፍ «ከባድ» ወይም «ቀላል» በሚል ምሳሌ ፈንታ የሰዓቱን ቁጥርና ሠራተኛው በመጨረሻ ሊሠራ የሚገባውን ሥራ እንጻፍ። ሁለተኛ፣ ከውጭ የሚመጣ ሰነድ ስናነብ፣ ሐረጉ የሙያ ቃል ይሁን ፈሊጥ ሳንለይ ውሳኔ አንስጥ፤ ጸሐፊው በሕይወት ካለ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሦስተኛ፣ ማኅበራችን አባላቱ በሥራ ላይ ያጋጠሟቸውን እንዲህ ያሉ ፈሊጦች፣ ከነምንጫቸውና ካስከተሉት ስህተት ጋር ቢያሰባስብ፣ ለሚከተሉን ወጣቶች ትልቅ ስንቅ ይሆናል። የእኔን ስህተት በመጀመሪያው ተራ እንዲመዘግቡት ፈቅጃለሁ።

በዚያች ከተማ ፓምፑ ዛሬም ይሠራል። አዲሱ ሞተር ከተተከለ በኋላ ሠራተኞቹ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሠለጠኑ። ከመቆጣጠሪያው ሰሌዳ አጠገብ በትልልቅ ፊደል በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፤ የጻፈውም ያ የመጀመሪያው ሠራተኛ ነው። «ሞተሩ ራሱን ካጠፋ አንድ ጊዜ ብቻ አብራው። ደግሞ ካጠፋ አትንካው፤ ኤሌክትሪክ ባለሙያ ጥራ» ይላል። ሁለት ትርጉም የለውም።